ስለ ጡረታ ለመከራከር የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ግቡ

ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ዓመት የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። የጡረታ ነገር የተነሳበት ስብሰባ ላይ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ቆጥሬው አላውቅም፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ነው። ከላይ የመጣው ሰው ይናገራል። ከዚያ አንድ ሆዱ የባሰው ሠራተኛ ይነሳና «ገንዘባችንን በሉት!» ይላል። ይጨበጨብለታል። ሰብሳቢው «የተነሳው ሐሳብ ተገቢ ነው፣ ይዘነዋል» ይላል፤ ሻይና ዳቦ ይመጣል። የሚያዝ ነገር ሳንሰጣቸው ምኑን ይያዙት?

የሚያዝ ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገራችሁ።

ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው ያለፉትን የደመወዝ ወረቀቶች ፈልጉ። ፔይስሊፕ የማይሰጥ ድርጅት ከሆነ ደመወዝ የሚገባበትን የባንክ ስቴትመንት አውጡ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር ነው የምትፈልጉት፦ መደበኛ ደመወዝ፣ አበሎች ተደምረው፣ ለጡረታ የተቆረጠው። የተቆረጠው ከመደበኛው 7 በመቶ መሆን አለበት። አሠሪው በላዩ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ይኼ ወረቀታችሁ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ግን የእናንተው ነው። መደበኛው 4,000 ብር ከሆነ ከእናንተ 280፣ ከአሠሪው 440፣ በድምሩ 720 ብር በየወሩ ይገባል ማለት ነው።

አሁን ጡረታችሁን አስሉ። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ዕድሜው 60 ሞልቶ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 30 ሲደመር 18.75፣ ማለትም 48.75 በመቶ። በ4,000 ብር ሲሰላ 1,950 ብር። (ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ወር ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።)

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ስብሰባ ላይ የሚጮኸው ስለ ዕድሜና ስለ ፐርሰንት ነው። እኔ በእጄ ስሠራው በኖርኩት ፔይሮል ያየሁት ጉዳት ግን ሌላ ቦታ ነው። ደመወዝ ሲጨመር መደበኛው ላይ አይጨመርም። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት፣ የምርት ማበረታቻ እየተባለ በጎን ይገባል። ሠራተኛው በእጁ 7,000 ብር ሲደርሰው «ተጨመረልን» ብሎ ይመርቃል። ጡረታው ግን የሚሰላው በ4,000ው ነው። 7,000ው ሙሉ መደበኛ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ያው የ25 ዓመት ሰው 3,412 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኝ ነበር። በየወሩ 1,462 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀርበታል፣ ዕድሜ ልኩን። አሠሪውም ከ3,000ው ላይ 11 በመቶ ሳይከፍል ቀረ። እኔ ራሴ ይህን አምድ ለዓመታት ስሞላ ኖሬ የገባኝ የራሴን ሳሰላ ነው። አፍሬያለሁ።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ጡረታ አነሰ» አይሁን። «መደበኛ ደመወዜ ይኼ ነው፣ አበሌ ይኼ ነው፣ ልዩነቱ በጡረታዬ ላይ ይህን ያህል ብር ያጎድላል፤ ሕጉ ይህን እንዴት ያየዋል?» በሉ። ከዚያም የደመወዝ ወለልን፣ ማለትም ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባለውን ደመወዝ፣ አያይዙ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ወለል በሌለበት አገር የጡረታ ፐርሰንት ብቻውን ምን ያደርጋል?

ሌሎቹን ክርክሮችም ማወቅ አለባችሁ፤ ያለበለዚያ ከመድረክ ሲነሱ ትደነግጣላችሁ።

አንዱ ፕሮቪደንት ነው፤ በየወሩ ሳይሆን ሥራ ሲለቁ አንዴ ተጠቃሎ የሚወሰድ ቁጠባ ማለት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በ2003 በአዋጅ 715 ጡረታ እስኪገባ ድረስ ዕድለኛው ፕሮቪደንት ነበረው፣ ሌላው ምንም አልነበረውም። አዋጁ ሲመጣ ፕሮቪደንት የነበራቸው እዚያው እንዲቀጥሉ ፈቀደ። እስከ ዛሬ «አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ብወስደው ይሻለኝ ነበር፣ ባጃጅ እገዛበት ነበር» የሚል ሰው አለ። እውነት አለው። ብር ሲረክስ በየወሩ የሚመጣ 1,950 ጤፍ አይገዛም። ግን ባሏ ከሞተባት ጎረቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ አቦሉን ትታ ያለችኝን ልንገራችሁ፦ «የኔ እናት፣ የሱ ባጃጅ ኖሮ እሱ ቢሞት ባጃጁን ወንድሞቹ ይካፈሉት ነበር። እኔ ግን ግማሹን ጡረታ በየወሩ ባንክ እየገባልኝ ልጆቼን አሳደግሁ።» ለተረፈ የትዳር ጓደኛ 50 በመቶ መሆኑን የነገረኝ ሕጉ ሳይሆን እሷ ናት።

ሁለተኛው የፈንዱ አያያዝ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲገባ፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ሆኖ ሲቀልጥ ነው የኖረው። የ2014ቱ አዋጅ 1268 ኢንቨስትመንቱን ሰፋ አደረገ። እዚህ ላይ ስትጠይቁ «የት ገባ?» ብቻ አትበሉ፤ «ዘንድሮ ምን ያህል አተረፈ፣ ለጡረተኛው ጭማሪ ምን ያህሉ ይደርሳል?» በሉ።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ወሎ ውስጥ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ሲቀጠር «በ77 ድርቅ እሮጥ ነበር» ብሎ ያስመዘገበ ስንት ሰው አለ። ሕጉ የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተጻፈውን ነው፤ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ አያስለውጠውም። ፋይላችሁ ላይ የተጻፈውን ዓመት ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። አንድ ወፍጮ ኦፕሬተራችን በልጅነት ዕድሜውን አሳንሶ ስላስመዘገበ አሁን ወገቡ ተቆርጦ አራት ዓመት ይቀረዋል።

የወረቀት ነገር ከተነሳ፣ ከ2014 በኋላ የእኛ አካባቢ ክርክር ከሌላው ይለያል። ጦርነቱ ሲደርስብን ጥቅምት ላይ ሸሽተን በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ደመወዝ ክፍላችን ውስጥ ኮምፒውተር የለም፤ ፋይሉ ወለሉ ላይ ተረግጦ፣ ግማሹ ረጥቦ ተጣብቆ አገኘነው። የአንድ የስፌት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመን የተመለሰው ራሷ ባስቀመጠችው የብስኩት ቆርቆሮ ነው። የ11 ዓመት ፔይስሊፕ። የግማሹ ጀርባ ላይ ልጇ ማባዛት ሠርቶበታል፤ 7 ጊዜ 8 ሃምሳ አራት ብሎ። ሁሉንም ተቀብለን ቆጠርንላት። እናንተም ቆርቆሮ ይኑራችሁ፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሱት።

ከሁሉ በፊት የተቆረጠው መግባቱን አጣሩ። በአንድ ወቅት አሠሪያችን ስምንት ወር ሙሉ 7 በመቶውን ከእኛ ቆርጦ አላስገባም ነበር። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳችሁ በስማችሁ የገባውን ጠይቁ። አሠሪው የወሩን መዋጮ በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት ግዴታው ነው፤ ካዘገየ ቅጣት አለበት። ቅጣቱ የእሱ ነው፤ የእናንተ አገልግሎት ሊጎድል አይገባም።

ስብሰባው ቀን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ ከሻይ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም። ወሎዬ ሲናገር መጀመሪያ ይመርቃል፤ መርቁ፣ ግን አጭር ይሁን፤ ሦስት ደቂቃ ነው ያላችሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ፣ ሦስቱን ቁጥሮች ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁና ተቀመጡ። የሥራ ባልደረባችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ። «ይዘነዋል» ሲባል «በየትኛው ገጽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ አዳራሹ ስቆብኛል፣ ጸሐፊው ግን እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ። ስትወጡ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ጠይቁ። አልጨረስነውም ካሉ ሰኞ ተመለሱ፣ ፔይስሊፑን ይዛችሁ።