ድራማ የወሎን ሰው እንዴት ይሥለዋል? አንድ ትዕይንት ይዞ መመርመሪያ መንገድ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ድራማ ሲያይ የወሎ ገጠር ሰው ብቅ ካለ ክርክሩ የሚነሳው በአነጋገሩ ላይ ነው። «እኛ እንዲህ ነው እንዴ የምናወራው?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነካው። ተዋናዩ ከሚናገረው ቃል ይልቅ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ኤዲተሩ ማን ፊት ላይ እንደቆየ፣ ከጀርባ ምን ድምፅ እንደገባ ነው አንድን ማኅበረሰብ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው። ይህን ለይቶ ለማየት የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ወደኋላ መመለስ የሚቻል ቪዲዮ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ይምረጡ። ሙሉውን ክፍል አይያዙ፤ ታሪኩ ይዞዎት ይሄዳል። ከሚመረምሩት ማኅበረሰብ የወጣ ገጸ ባሕርይ ከሌላ ወገን ሰው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ልዩነቱ የሚወጣው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ድምፁን ዘግተው ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ሥራ ይህ ነው። እንበል ትዕይንቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የቪላ ሳሎን ነው። ከወሎ ገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ለአሠሪዋ ቡና ታቀርባለች፤ እናቷ ታመውባት ፈቃድ ልትጠይቅ ነው። ስትገባ ካሜራው የሚከተለው ትሪውንና እጇን ነው፤ ፊቷ አይታይም። አሠሪዋ ግን ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል። ልጅቷ «እናቴ ታማብኛለች» የምትልበት ጊዜ ሲደርስም ካሜራው ከአሠሪዋ አልተነሳም፤ የምናየው የሰሚዋን መሰላቸት እንጂ የተናጋሪዋን ጭንቀት አይደለም። በመጨረሻ ልጅቷ ከሩቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማንም አልሰደባትም። ሆኖም ተመልካቹ ሳያውቀው «ሠራተኛ ልታጣ ነው» ብሎ ለአሠሪዋ ያዝናል።

አሁን በስልክዎ ሰዓት ይያዙና የእያንዳንዳቸው ፊት ስንት ሰከንድ እንደታየ ይጻፉ። ከዚያ አንዷ ስትናገር ካሜራው ማን ላይ እንደነበረ ያስተውሉ። ከላይ ወደ ታች ከተቀረጸ ሰውየው ያንሳል፣ ከታች ወደ ላይ ከተቀረጸ ይገዝፋል የሚባለውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኔ ከማዕዘኑ በፊት የማየው የፊቱን ጊዜ ነው።

የቅንብርን ጉልበት ወሎ በራሱ ታሪክ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966ቱ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ የተራቡት ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ እንዲቀርብ ተደርጎ ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ያ ድራማ አይደለም፤ ረሃቡም የማይካድ ነበር። ግን ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሦስተኛ ትርጉም እንደሚወልድ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። የወሎ ገበሬም ለብዙ ዓመት በዓለም ስክሪን ላይ የታየው እጁን ዘርግቶ ብቻ ነው፤ ሲያርስ፣ ሲዳኝ፣ ሲያገባ ያየው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ሥራ ፊትን አዙሮ መስማት ነው። ገጠር በታየ ቁጥር ዋሽንት ይገባል? ገጸ ባሕርይዋ «አብሽር» ስትል አስቂኝ ድምፅ ይከተላታል? ከተከተላት፣ እንድንስቅ የታዘዝነው በቀልዷ ሳይሆን ባደገችበት አነጋገር ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ፣ ለፍቅርም ለጀግንነትም የሚዜምባቸው ናቸው፤ ማጀቢያው ላይ ለቅሶ ብቻ ከሆኑ ይጻፉት። የዘዬውንም ነገር እንዲህ ይፈትኑት፦ ዶክተሩ፣ ዳኛው፣ አፍቃሪው በወሎ ዘዬ ይናገራል ወይስ ዘዬው ለዘበኛና ለቤት ሠራተኛ ብቻ ነው የቀረው?

አልባሳትና ቦታውን ቶሎ ማየት ይቻላል። የተቀደደ ጋቢ፣ አቧራማ መንገድ፣ አንድ ጎጆ፤ ይህ ብቻ ከሆነ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የባቲ ገበያ የት ሄዱ? ሙስሊሙ ገጸ ባሕርይ ከበዓል ቀን ውጭ ይታያል ወይ?

ብዙዎች የሚያልፉት ደግሞ የሚያሞግሰውን ሥዕል ነው። ካሜራው ከወሎዋ ልጅ ፀጉር ወደ አንገቷ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሙዚቃው ይለሰልሳል፣ ሁሉም ይደነቃል። እሷ ግን በአምስት ክፍል ውስጥ አንድ ውሳኔ አልወሰነችም። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ቡና ሲጠጡ የሚታዩበት ትዕይንትም እንዲሁ ነው። እውነት ነው፣ ወሎ እንዲህ ይኖራል። ግን እነዚህ ሰዎች ለመዋደዳቸው ምሳሌ ከመሆን ሌላ የራሳቸው ፍላጎት፣ ጠብና ዕዳ ካልተሰጣቸው ሰው ሳይሆኑ ፖስተር ሆነዋል። ይህን ከስድቡ እኩል ይመዝግቡት፤ ስድቡን ሰው ይቃወመዋል፣ ሙገሳው ግን በጭብጨባ ነው የሚያልፈው።

ከዚህ በኋላ ትዕይንቱን ራስዎ በወረቀት ላይ እንደ አዲስ ያቀናብሩት። ንግግሩን አይንኩ። ልጅቷ «እናቴ ታማብኛለች» ስትል ፊቷን በቅርብ ያምጡ፤ ከጨረሰችም በኋላ ሦስት ሰከንድ እዚያው ይቆዩ። ወደ ጓዳ ስትሄድ ካሜራው አብሯት ይግባ፤ ስልኳን አውጥታ ወደ ቤት ስትደውል እንያት። በዚያው ቃል፣ በዚያው ሳሎን ታሪኩ የእሷ ሆነ። ሁለቱን ሲያወዳድሩ አዘጋጁ የመረጠውና የተወው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ከዚያው ድራማ ሌላ ሁለት ሦስት ትዕይንት በዚሁ መንገድ ይመልከቱ፤ አንዱ በአጋጣሚ እንዲያ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ከጨረሱ በኋላ በሰው ቤት የሠራች እህት ወይም ጎረቤት ካለችዎ፣ የጻፉትን ሳያሳዩ ትዕይንቱን አብረው ይዩትና «ምን ቀረ?» ብለው ይጠይቋት፤ የምትነግርዎትን በእሷው ቃል ከዝርዝርዎ ጎን ይጻፉት።