ከባድ የታሪክ አሳይመንት ላይ እገዛ እንዴት ይጠየቃል? (የ1966ቱ አብዮት ለምሳሌ)

«የ1966ቱ አብዮት የማን ነበር? የተማሪው፣ የወታደሩ ወይስ የገበሬው? በስድስት ገጽ ተወያዩ።» የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ በሬን የሚያንኳኳ የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ብዙዎቹ «አግዘኝ» ሲሉ «ጻፍልኝ» ማለታቸው ነው። እሱን እርሱት፤ መምህር የሰው ጽሑፍ መሆኑን ከመጀመሪያው አንቀጽ ይለያል። ደህና እገዛ ግን አለ፤ አጠያየቁን ላወቀበት።

1. መጀመሪያ የምታውቁትን ጻፉ

መጽሐፍ ሳትገልጡ፣ በአንድ ገጽ፣ በቅደም ተከተል። ለምሳሌ፦ ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግብና በውሃ ተማርረው አመፁ። በየካቲት ባለታክሲዎች የነዳጅ ዋጋ ጨመረብን ብለው፣ መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። በሰኔ ደርግ ተቋቋመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አሁን «ይሄ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁበትን ቦታ አክብቡት። ለሰው የምትወስዱት ጥያቄ እሱ ነው።

2. ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የንጉሡን መውረድ 1967 ላይ 8 ደምሬ በፈረንጆቹ 1975 ብዬ ጽፌ፣ ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ ደምቶ ተመልሶልኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ስለዚህ የካቲት 1966ም መስከረም 1967ም በፈረንጅ ያው 1974 ናቸው። ይህን ያልለየ ሰው የሰባት ወሩን ግርግር ዓመት ሙሉ ያስመስለዋል።

3. መምህሩን በተበጀ ጥያቄ ያዙት

«ቲቸር፣ አብዮቱ ከበደኝ» ካላችሁ መልሱ «አንብብ» ነው። «ቲቸር፣ የነገሌዎቹ ጥያቄ ምግብና ውሃ ነበር፤ ተማሪው ግን ስለ መሬት ይጮኽ ነበር። ሁለቱ የት ላይ ተገናኙ?» ብትሉ ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። አይታችሁ ታምናላችሁ።

4. ጎንደር ላይ መሆናችሁን ተጠቀሙበት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ተማሪ የሚያልፈው ይህን ነው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር በየካቲት 1957 አዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሰው የደቡቡን ጭሰኛ ነበር፤ ከምርቱ ትልቁን ድርሻ ለባለመሬት የሚያስረክበውን። የበጌምድር (ጎንደር ያለችበት የያኔው ጠቅላይ ግዛት) ገበሬ ግን በአመዛኙ ባለርስት ነበር፤ አባት አያቱን ቆጥሮ መሬት ይካፈል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር አይብለጥ ሲል፣ ለጭሰኛው ግልግል ነው። ባለርስቱስ? ደርግን በመሣሪያ የተዋጋው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት) በ1969 መተማንና ሁመራን እስከ መያዝ ሲደርስ በዚህ አገር ደጋፊ ያገኘበት አንዱ ምክንያት እዚህ ውስጥ አለ። «የገበሬው አብዮት ነበር» ብሎ ለመደምደም የቸኮለ ተማሪ ቢያንስ «የየትኛው ገበሬ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ከሽማግሌ መስማት ይቻላል፣ ግን አጠያየቁ ይወስነዋል። አንዷን ልጅ አዘዞ አካባቢ ወደሚኖሩ አዛውንት ይዣት ሄጄ ነበር። «አባባ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ምን ተሰማዎት?» አለቻቸው። «ምን ይሰማኛል ልጄ፤ እርሻዬ ላይ ነበርኩ» ብለው ዝም። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ጥያቄውን ቀየረችው፦ «አዋጁ ሲመጣ መሬትዎ ምን ሆነ?» ዱላቸውን አነሱና መሬቱ ላይ ጭረት ጀመሩ፤ ይሄ የእናቴ ወገን፣ ይሄ የአባቴ፣ ይቺ ከወንድሜ ጋር የተሟገትንባት። እስኪመሽ አላበቁም።

ቀይ ሽብርን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ። በዚህ ከተማ ልጁን ያልቀበረ ወይም ሬሳውን ያላገኘ ቤተሰብ ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ካመነቱ ተዉት። እናቶች በደርግ ጊዜ የጎንደር አስተዳዳሪ የነበረውን መላኩ ተፈራን ልጃቸውን እንዲምርላቸው የለመኑበትን ግጥም ጎንደር ውስጥ የማያውቅ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እሱም እንደ ምንጭ ይጠቀሳል፤ መቼ፣ ከማን እንደሰማችሁት እስከጻፋችሁ ድረስ።

5. አዋጁን ራሱን አንብቡ

ስለ አዋጁ ከተጻፈው ሁሉ በፊት ነጋሪት ጋዜጣውን። አጭር ነው።

ስልካችሁ ላይ ቻትጂፒቲ ካለ አታስጽፉት፤ ቀን ያምታታል፣ የሌለ መጽሐፍም ይጠቅሳል። ይልቅ የራሳችሁን ሐሳብ ስጡትና «ተከራከረኝ» በሉት። ለዚህ ይሆናል።

6. ለማያውቅ ሰው አንብቡለት

ረቂቁን ታሪክ ላልተማረ ጓደኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «እና?» ያለበት ቦታ ላይ ማብራሪያ ጎድሏል ማለት ነው። ለአርብ የሚደርስ ከሆነ ይህን ረቡዕ ጨርሱ። ሐሙስ ማታ መብራት ይጠፋና ጀኔሬተር ያለው ፕሪንት ቤት ፍለጋ ፒያሳን ስትዞሩ ታመሻላችሁ።