ተመላልሶ የሚያም ራስ ምታት ማይግሬን መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

ጎጃም ውስጥ ራሱን የታመመ ሰው «ምች መታኝ» ይልና ዳማከሴ ጨምቆ ይጠጣል፤ ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። በማግሥቱ ይለቀዋል። ወር ሳይሞላ ግን ይመለስበታል። እንዲህ እየሄደ የሚመለስ ኃይለኛ ፍልጠት ብዙ ጊዜ ማይግሬን ነው። ማይግሬን በራጅም በደም ምርመራም አይታይም፤ ሐኪሙ የሚለየው ከታማሚው አንደበት ነው። ስለዚህ «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብሎ መሄድ ግማሽ ምርመራውን ቤት ጥሎ እንደመሄድ ነው።

1. ደብተር ይያዙ

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከ1 እስከ 30 ቁጥር ይጻፉና ባመመዎት ቀን ትይዩ የጀመረበትንና የለቀቀበትን ሰዓት፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ማስመለስ መኖሩን፣ የዋጡትን ክኒን ያስፍሩ። የመጨረሻ ምግብና ቡና የቀመሱበትን ሰዓት፣ ሴት ከሆኑ የወር አበባ የመጣበትን ቀን አይርሱ፤ ብዙ ሴቶችን ከወር አበባ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ይነሣባቸዋል። መጻፍ ለማይችሉ እናት ልጅ ይጻፍላቸው። ሁለት ወይም ሦስት ወር ይበቃል።

2. የሕመሙን ጠባይ ይፈትኑ

መድኃኒት ካልተወሰደ ማይግሬን ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከሚከተሉት አራት ቢያንስ ሁለቱ ይኖራሉ፦ አንድ ጎን ላይ ማመም፣ እንደ ልብ ምት ትር ትር ማለት፣ ከሥራ የሚያስቀር የሕመም ብርታት፣ በእንቅስቃሴ መባባስ። የመጨረሻውን ለመፈተን ጎንበስ ብለው ጫማዎን ይሰሩ ወይም አጭር ዳገት ይውጡ። በተጨማሪ ወይ ማቅለሽለሽ፣ ወይ ደግሞ ብርሃንና ድምፅ አብረው መጥላት ሊኖር ይገባል። የጎረቤት ቆርቆሮ ነጸብራቅ ዓይን ሲወጋ፣ ሌላ ቀን ደስ የሚያሰኘው የሚቆላ ቡና ሽታ ሲያጥወለውል ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተመላለሰና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ማይግሬን ይባላል። ልጆች ላይ ግን ሁለቱንም ጎን ሊያምና 2 ሰዓት ብቻ ቆይቶም ሊለቅ ይችላል።

3. ከፍልጠቱ በፊት የሚመጣውን ያስተውሉ

ከሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ቀድሞ ደጋግሞ ማዛጋት፣ የአንገት መወጠር፣ ያለ ምክንያት መበሳጨት ይታያል።

ከአራት ታማሚ አንዱን ያህል ደግሞ ዓይኑ ላይ ምልክት ይመጣበታል። የሰው ፊት እያየ ሳለ ትንሽ ቦታ ይደበዝዝበታል፤ የዚያ ዳር እንደ ማጭድ ጥርስ እየተብረቀረቀ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል፤ ፍልጠቱ ይከተላል። ዓይኖችዎን ተራ በተራ ይሸፍኑ፦ በሁለቱም ከታየ መነሻው አንጎል ነው፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ የዓይን ሐኪም ይየው። ከጣት ተነሥቶ ወደ ከንፈር የሚወጣ መደንዘዝም አለ። የማይግሬን ምልክት በደቂቃዎች እየተሳበ ይመጣል፤ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ግን በአንድ ቅጽበት ይጥላል።

4. ከሚመስሉት ይለዩ

ራስን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያጠብቅ፣ የማያስመልስ ሕመም የውጥረት ራስ ምታት ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለው የወባ ምርመራ ይቅደም። ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ቤት ያደሩት ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው የከሰል መርዝ ነው፤ ወዲያው ወደ ውጭ አየር ያውጧቸው።

በዐቢይ ጾም የሚብስበት ሰው ሁለት ነገር ተደርቦበታል። ምግብ መዝለል ማይግሬን ይቀሰቅሳል፤ በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው ደግሞ ቡናው ከቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል። ደብተሩን ይዞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር።

ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ መዋጥ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ይፈጥራል። ክኒኑ «አልሠራ አለኝ» ብሎ መጨመር ያባብሰዋል። በደብተሩ ላይ ክኒን የተዋጠባቸውን ቀናት ይቁጠሩ።

5. ሳያድሩ የሚሄዱበት

በሰከንዶች ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ፍልጠት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መተሳሰር፣ ራስን መሳት፣ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም ደብተር አይጠብቅም። ከ20 ሳምንት በላይ የሆናት ነፍሰ ጡር ኃይለኛ ራስ ምታት ካላት የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታትም ሳይዘገይ ይታይ።

ለቀረው ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በዓይንዋ የማጭድ ጥርሱን የምታይ ሴት የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ከሆነ ማሸጊያውን ይዛ ሄዳ ታሳይ፤ ኢስትሮጂን የተባለው ሆርሞን ያለበት ዓይነት የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር በሌላ ሊቀየርላት ይገባል።