አሮጌ ናፍጣ ወይስ አዲስ? መሀል አዲስ አበባ ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሶማሌ ተራ ወርደው "የናፍጣ መኪና ልገዛ ነው" ቢሉ ዕቃ ሻጩም ደላላውም ቃላቸው አንድ ነው፦ "መኪና ማለት አሮጌው ነው፤ የዘንድሮዎቹ ፕላስቲክ ናቸው።" እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። አንድ አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘር ዐሥር ዓመት ነድቼ፣ ከዚያ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ያለው ፒክአፕ ያዝኩ። ሁለቱም ኪሴን አራግፈውታል። ዞር ብዬ ሳስበው ግን አብዛኛውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ዋናው ስህተት "አሮጌ ናፍጣ አይበላሽም" ብሎ ማመን ነው። እነ 1ኤችዜድ የተባለውን የቶዮታ ሞተር ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላንድ ክሩዘር ላይ የምናውቀው ይህ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ናፍጣውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። እሱም ግን ይበላሻል፤ ልዩነቱ አበለሻሸቱ ላይ ነው። ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ጭሱ ይለወጣል፣ ዘይት መጨመር ይደጋገማል፤ እንዲህ እያቃሰተ ወራት ያስቆጥራል። አዲሱ ደግሞ አንዱ ሴንሰር ያልለመደውን ነገር ሲያነብ መብራት አብርቶ ጉልበቱን ይቀንስና ቀለበት መንገድ ላይ ሲንፏቀቁ ይውላሉ። አሮጌው ታሞም ይሠራል፤ አዲሱ ሲያመው ይተኛል። መተኛቱ ሞተሩን ያተረፈበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

ዝናው ራሱ ጣጣ አለው። የ1ኤችዜድ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ፒስተንና ቫልቭን የሚያናብበው ቀበቶ፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይላተማሉ። እኔ ሃርድቶፑን ስገዛ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ እንኳ አልጠየቅኩም። "ላንድ ክሩዘር አይደል እንዴ!" መካኒኩ ከፍቶ ሲያሳየኝ ጠርዙ ተበጣጥሶ በክር ተንጠልጥሏል።

አዲሱ ላይ የሚሠራው ስህተት የነዳጅ ነው፤ ከሁሉም የሚያስከፍለውም እሱ ነው። በአሮጌው ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል የሚከፈተው በ150 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የቤት መኪና ላይ የገባው ኮመን ሬል የተባለው የናፍጣ አረጫጨት ግን ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ይጨምቀዋል፤ የቅርቦቹ 2,000ን ያልፋሉ። የኖዝሉ ቀዳዳ ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። በዚያ ግፊት የምትወረወር የአቧራ ቅንጣት ብረት ትበላለች። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ፣ ውሃ ወይም ላምባ ሲቀላቀልበት ብረት ከብረት ይፋጫል።

ሰልፉ ከማደያው አልፎ በተጠማዘዘበት አንድ ሰሞን ከመንገድ ዳር የጀሪካን ናፍጣ ገዛሁ። ሃርድቶፑ እንዲህ ያለውን ስንቴ ጠጥቶ ሄዷል! ፒክአፑ ግን በሁለተኛው ሳምንት ቆሞ ሲሠራ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስል ጀመር። መካኒኩ ፊልትሮውን ብርጭቆ ላይ ሲገለብጠው ከታች የተኛው ውሃ ነበር። አራቱም ኖዝሎች ተቀየሩ። ዛሬ ፊልትሮውን መመሪያው ካለው ጊዜ ቀድሜ እቀይራለሁ፣ ሥሩ ያለችውን ብሎን እያላላሁም ውሃውን አወጣለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ምልክት ሲበራ "ቤት ልድረስና" አይባልም።

በዚህ ላይ የቶዮታውን ባለ 3 ሊትር 1ኬዲ ሞተር ለሚገዛ አንድ ቃል ልጨምር። ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) የቃጠሎ ጋዝ ሲያሳልፍ ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ይገባና ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ሞልቶለት በዘይት ጥማት ይሞታል። ሮንዴላዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ሻጩን ይጠይቁ።

ከፍታውን መርሳት ሌላው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከወደብ ከተማ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ከለገሃር በቸርቸል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቢያለከልክና ቢያጠቁር "ሞተሩ አልቋል" ብሎ ማውረድ ስህተት ነው። ከዚህ የባሰው "ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ" ማለት ነው፤ አየሩ ሳይጨምር ናፍጣው ስለሚጨምር ሙቀቱ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከመሰንጠቅ ያደርሳል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት ነው፤ ሰማያዊው ዘይት መብላቱን ይናገራል፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋው ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያስፈትሹ። እዚህ ጋ ያለ ማጋነን አዲሱ ይበልጣል፤ የጎደለውን አየር ቱርቦው ያካክስለታል።

የጭስ ማጣሪያ ያለውን አዲስ ናፍጣ ገዝቶ ከሜክሲኮ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ፒያሳ ብቻ መመላለስም ዋጋ ያስከፍላል። ማጣሪያው ያጠራቀመውን ጥላሸት የሚያቃጥለው 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በትራፊክ ተይዞ እዚያ አይደርስም። አልፎ አልፎ በአዳማው ፈጣን መንገድ ካላንሸራሸሩት ይደፈናል። ኑሮው መሀል ከተማ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ናፍጣ እኔ አልመክርም፤ ቤንዚን ወይም ኤሌክትሪክ ይሻለዋል።

የነዳጅ የቤት መኪና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ገበያው ላይ የሚሽከረከረው አገር ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ የሞቀ ሞተር አይግዙ። ሳይነግሩ በማለዳ ይሂዱ፤ ኮፈኑን ሲነኩት ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ይክፈቱ፤ ጭስ እየገፋ ከወጣ ድካሙ ውስጥ ድረስ ነው።

ከረጅም መንገድ እንደገቡ ቱርቦ ያለውን ሞተር ወዲያው አያጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። ላቫጆ ሲገቡም ሞተሩን በግፊት ውሃ አያሳጥቡ፤ ሶኬቶቹ ውስጥ ውሃ ገብቶ ፒክአፑ ሁለት ቀን አልነሳም ብሎኛል። ሃርድቶፑንማ ልጆቹ እንደ ልባቸው ነበር የሚያጥቡት።