ሕፃኑ ካላለቀሰ እጃችሁ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል?

ሰሞኑን ሌሊት ላይ አንድ ሕፃን ሳያለቅስ ተወለደ። ተረኛዋ አዲስ ሚድዋይፍ ናት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ትምህርቱን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። እጇ ግን በቀጥታ የሄደው ወደ ሰክሽን፣ ወደ ፈሳሽ መምጠጫው ነው። አፉን ጠረገች፣ አፍንጫውን፣ ደግሞ ተመልሳ አፉን። ሰዓቱን ሳየው ደቂቃዋ አልፋለች። ሕፃኑ ተርፏል፣ ተመስገን። ይህንን ግን እዚህ ወሎ ውስጥ በጣም ብዙ ጊዜ ስላየሁት ዛሬ ልጻፈው።

እባካችሁ ሰክሽን ላይ አትቆዩ። ያልተነፈሰ ሕፃን የሚፈልገው አየር ነው። አድርቁት፣ ጀርባውን እሹት፣ ካልተነፈሰ አምቡባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚያስገባውን ከረጢት፣ አንሱ። በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ አየር መግባት መጀመር አለበት። አፉን የዘጋው ነገር በዓይናችሁ ካላያችሁ ሰክሽኑ ይቅር። የእንሽርት ውኃው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ሁሉንም ሕፃን መምጠጥም ቀርቷል። ቱቦውን ወደ ጉሮሮ ስታስገቡት ጭራሽ የልብ ምቱ ሊወርድ ይችላል። ዘቅዝቆ መምታት ዛሬም ስላለ ነው የምናገረው፣ ተዉት። ማስኩ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ዓይኑ ላይ አይውጣ። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ ዓይናችሁ ግን ከደረቱ አይነሳ። ደረቱ ካልተነሳ አየር አልገባም ማለት ነው። ማስኩን እንደገና ግጠሙት፣ አንገቱን አስተካክሉ፣ አፉን ከፈት አድርጉት።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለትንሽ ሕፃን ትልቅ ማስክ ይዤ ስጨምቅ ቆየሁ። አየሩ በጎን ይወጣል፣ ደረቱ አይነሳም፣ እኔ ደግሞ ደንግጬ የማየው ፊቱን ነው። አንዲት የቆየች ሚድዋይፍ መጥታ ማስኩን ቀየረችው። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከደላንታ የመጡት አያቱ ሲወጡ እጄን ይዘው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ለፍተሻል» አሉኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሁለተኛው ስህተት የአለቆች ነው። ስልጠና ማለት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስላይድ አይቶ፣ አበልና ሰርተፊኬት ይዞ መመለስ አይደለም። እጅ ያልደጋገመውን በወራት ውስጥ ይረሳል። መለማመጃዋ አሻንጉሊት፣ ኒዮናታሊ፣ ስቶር ተቆልፎባት አያለሁ። ንብረት እንዳይጠፋ ነው ይባላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ምን ያህል ዕቃ እንዳጡ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ቆልፈን ያቆየናት አሻንጉሊት ማንንም አላስተማረችም። ማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አውጧት። ለብ ያለ ውኃ ስትሞሏት እንደ እውነተኛ ሕፃን ክብደት አላት። ተረኛ ሲቀያየር 10 ደቂቃ ብቻ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ፤ አንዱ ይጨምቅ፣ አንዱ ሰዓትና ደረት ይይ። ጀማሪ ሲሳሳት አትጩኹበት፣ የተጮኸበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጨንቀው አይጠራችሁም። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብታ ሥራው የገባትን ነርስ በስድስት ወሯ ወደ ሌላ ክፍል ማዘዋወርም ይቁም! ያንን እጅ ለማግኘት ስንት ለፍተናል።

ከዚያ ብርድ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደላንታ ደግሞ ከዚያም ይበርዳል። የሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ድረስ ነው መሆን ያለበት። አድርቃችሁት ስታበቁ እርጥቡን ጨርቅ አንሱት፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይረሳል። ኮፍያ አድርጉለት፣ እናቱ ደረት ላይ አስተኙት። እጥበቱ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። አያቶች ቶሎ ይታጠብ ይላሉ፣ ቅቤም ሊያቀምሱ ይፈልጋሉ። አትቆጧቸው። «እማማ፣ ብርድ እንዳይመታው ነው፣ መጀመሪያ የእናቱን ጡት ይቅመስ» ስትሏቸው አብዛኞቹ ይሰማሉ።

ካለጊዜው የተወለደውን ደግሞ «መጀመሪያ ይረጋጋ» እያሉ ካንጋሮውን፣ ማለትም ገላ ለገላ ደረት ላይ ማቀፉን፣ ማዘግየት አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የተማርኩት። ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራው ጥናት ወዲያው ደረት ላይ የተደረጉት ሕፃናት ሞት በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ወዲያው ይጀመር ብሏል። እናትየዋ ካልቻለች አክስት አለች፣ አባት አለ።

ኦክስጅን ያለ ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለ የኦክስጅን መጠን) መለኪያ አትስጡ፤ ኦክስጅን ላይ ያለ፣ ካለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከ90 እስከ 95 ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ሲቆይ ዓይኑን ሊጎዳው ይችላል። የጄንታማይሲንን (የአንቲባዮቲኩን) መጠን ሒሳብ ሁለት ሰው ይሥራው፣ ነጥብ ስትሳሳት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። አምቡባጉን ተረኛነት ስትረከቡ በመዳፋችሁ ዘግታችሁ ጨምቁት፣ ካፈሰሰ ያኔውኑ ይቀየር።

የመጨረሻው ሪፈር፣ ሕፃኑን ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ነው። ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ሳይደውሉ፣ ሳይጠባ፣ አምቡላንስ ላይ ብቻውን መጫን። እንዲህ መጥቶ ሙቀቱ 34 የሆነ ሕፃን ተቀብያለሁ፤ ያኔ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ማሞቁ ሰዓታት ይፈጃል። ባለፈው ክረምት ግን አንድ አባት መጣ። እናትየዋ ደም ፈሷት እዚያው ቀርታለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውላልናለች፣ የታለበ ጡት በሲሪንጅ አጥብታዋለች፣ የአባትየውን ሸሚዝ አስወልቃ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስራለታለች፣ ከላይ ጋቢ ደርባለታለች። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ዝናብ። ጋቢውን ገልጠን ስንለካው 36.7 ነበር።