ፕሬዚዳንቱ ማረ፣ ፕሬዚዳንቱ ሻረ፦ አዲስ ለመጣችሁ

እንኳን ወደ አሜሪካ በደህና መጣችሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የማወራው ስለ ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ፣ ስለ ቪቶና ስለ መንግሥት መዘጋት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቡና ልትጠጡ ስትገቡ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ይጮሃል። "እገሌን ማረው።" "ሕጉን ቪቶ አደረገው።" "መንግሥት ሊዘጋ ነው።" አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔም በመጣሁ ሰሞን "መንግሥት ተዘጋ" ሲባል ሰምቼ ሮጬ ሄጄ ዱቄትና ዘይት ገዝቼ አከማችቻለሁ። ዘመዶቼ እስካሁን ይስቁብኛል።

ከይቅርታው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አገር ቤት የለመድነው ይቅርታ አዲስ ዓመት ሲደርስ በርከት ያሉ ታራሚዎች ሲለቀቁ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ቦርድ ነው። እዚህ ሥልጣኑ የአንድ ሰው ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕግ አውጪውን ኮንግረስን አያስፈቅድም። ለምን እንደማረ የማስረዳት ግዴታም የለበትም። ሰውየው ገና ሳይከሰስ እንኳ ሊምረው ይችላል። ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974 ከእሱ በፊት የነበረውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን የማረው እንደዚያ ነው።

ጭቅጭቁ የማያልቀውም ለዚህ ነው። ክሊንተን በ2001 ከሥልጣን በሚወርድበት ቀን የእናቱን ልጅ ሳይቀር ማረ። ባይደን በ2024 መጨረሻ ልጁን ሀንተርን ማረ። ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዘበት ዕለት በ2021 በካፒቶሉ (በኮንግረስ ሕንፃ) በተነሳው ግርግር ለተከሰሱ ወደ 1,500 ሰዎች ይቅርታ አደረገ። የአንዱ ፓርቲ ሰው ሲምር የሌላው ፓርቲ ሰው "ወይ ጉድ!" ይላል። የራሱ ሰው ሲምር ግን ድምፁ አይሰማም። በየዓመቱ ለታንክስጊቪንግ (ለምስጋና በዓል) ከመታረድ ይቅርታ የሚደረግለት ተርኪ፣ ያ ትልቁ የዶሮ ዘመድ፣ ብቻ ነው የማያጣላው። እኛ ጋ ዶሮ በአውደ ዓመት ምሕረት አግኝታ አታውቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳየው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ። ፕሬዚዳንቱ የሚምረው የፌዴራል ወንጀልን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበት ሰው ለዋይት ሀውስ ቢጽፍ የሚያልቀው ወረቀቱ ነው። እሱ የስቴቱ (የክልሉ) ገዢ ጉዳይ ነው። ጆርጂያ ከሆነ ደግሞ የገዢውም አይደለም፤ ይቅርታ የሚሰጠው ቦርድ ነው። ዲሲ ለየት ትላለች። ስቴት ስላልሆነች በዲሲ ሕግ የተፈረደበትንም ፕሬዚዳንቱ መማር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ባይደን በኦክቶበር 2022 ማሪዋና ይዘው በመገኘት ብቻ በፌዴራልና በዲሲ ሕግ ጥፋተኛ ለሆኑ ሰዎች በጅምላ ይቅርታ አደረገ። ይቅርታው ዜጎችንና ግሪን ካርድ ያላቸውን ነበር የሚያካትተው። ሌላ ወረቀት ያለው ሰው አልገባበትም። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን እፎይ አይልም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ለአንዳንድ ጥፋቶች ይቅርታን ይቀበላል። በስርቆት ወይም በማጭበርበር ተፈርዶበት ሙሉ ይቅርታ ያገኘ ሰው ከመባረር ሊድን ይችላል። ለዕፅ፣ ለጦር መሣሪያና ለቤት ውስጥ ጥቃት ግን ይቅርታው አይሠራም። ስለዚህ "እዚህ ሰፈር እኮ ተፈቅዷል" የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ። ስቴቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው የኢሚግሬሽን ጉዳዩ የሚዳኘው ደግሞ በፌዴራሉ ነው።

ይቅርታ መዝገብም አያጠፋም። የዜግነት ፎርም ስትሞሉ ታስራችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ይቅርታ ብታገኙም ትጽፋላችሁ። "ከላይ ሰው አለኝ፣ ይቅርታ አስወጣልሃለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ገዳይ ከመጣባችሁ ሸኙት። የፌዴራሉ ማመልከቻ ለፍትሕ ሚኒስቴር ነው የሚገባው፤ ማስገቢያም አይከፈልበትም።

ቪቶ ቀለል ይላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያጸደቁትን ሕግ ፕሬዚዳንቱ ካልወደደው አልፈርምም ብሎ ይመልሰዋል። እነሱ በየምክር ቤታቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸኑ ያለ እሱ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ያን ያህል ድምፅ ማግኘት ከባድ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት 635 ጊዜ ቪቶ አድርጎ የተሻረበት 9 ብቻ ነው። በሌላ ፕሬዚዳንት ጊዜ ከተሻሩት ቪቶዎች መካከል ግን እኛን የሚነካ አለ። በ1952 ፕሬዚዳንት ትሩማን የኢሚግሬሽን ሕጉን "አድሎ አለበት" ብሎ መለሰው። ኮንግረስ አልሰማውም፣ አጸደቀው። ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ፣ በ1990 ዲቪ ተጨምሮበት፣ ዛሬም የምንተዳደርበት ያው ሕግ ነው።

ሌላም አለ። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ "ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጋለህ?" ትባላላችሁ። ይህን ያመጣውን ሕግ ትልቁ ቡሽ (አባትየው) በ1992 ቪቶ አደረገው። በዓመቱ ክሊንተን መጣና ፈረመው። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ስለጠየቀቻችሁ ብቻ "የስ" እንዳትሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ያስባርራል። እንግሊዝኛው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ወደ ፓርቲዎቹ ስንመጣ፣ ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ከሆነ ተሳፋሪው ሪፐብሊካን ናችሁ ወይስ ዲሞክራት ብሎ ይጠይቃችኋል። "መንገዱ ዛሬ ተጨናንቋል" በሉና እለፉ። ሁለቱ በበጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው መንግሥት ተዘጋ የሚባለው። በ2018 መጨረሻ የጀመረው 35 ቀን፣ የ2025ቱ 43 ቀን ቆይቷል። ፖሊሱም ትምህርት ቤቱም አይዘጋም። ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው እኛ በምንከፍለው የማመልከቻ ገንዘብ ስለሆነ የግሪን ካርዱ ሥራ ይቀጥላል። የሚጎዳው ሌላው ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ቤቱ ሲውል ዲሲ መሃል ፓርኪንጉ ባዶ ይሆናል፣ ታክሲውም ሰው ያጣል። ሠራተኛው በኋላ ውዝፉን ያገኛል። በኮንትራክተር በኩል የገባው ጥበቃና የጽዳት ሠራተኛ ግን የቀረበት ቀን ቀረበት ነው። የመንግሥት ሕንፃ ላይ ሥራ ስትጀምሩ ቀጣሪያችሁ በዚያ ጊዜ ሌላ ቦታ ይመድባችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳያችሁ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያለ ደግሞ እንዳትዘናጉ። በ35 ቀኑ መዘጋት ያልታሰሩ ሰዎች ቀጠሮ ተላልፎ ነበር። ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ይተላለፋል ማለት አይደለም። ካልቀረባችሁ ዳኛው በሌላችሁበት እንድትባረሩ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ የተላለፈ መሆኑን በወረቀት ወይም በፍርድ ቤቱ መስመር ካላረጋገጣችሁ በቀጠሮው ቀን ሂዱ። በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱን መዝግቡ፣ ለጠበቃችሁ ላኩና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።