የጡት ኢምፕላንት ስትመርጪ እነዚህን ስህተቶች አትሥሪ

ጡቷን በኦፕራሲዮን ማስተለቅ የፈለገች ሴት ብዙ ጊዜ የምትጀምረው «ስንት ሲሲ ላድርግ?» ብላ ነው፤ ሲሲ የኢምፕላንቱ መጠን መለኪያ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ኢምፕላንቱ፣ ማለትም ጡቴ ውስጥ የሚገባው ከረጢት፣ ሰውነቴ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ምን ይሆናል? ቢቀደድ በምን አውቃለሁ? ማንስ ይከታተለኛል? ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ማንም ሊፈርድብሽ አይገባም። ብቻ ምን እንደምትመርጪ አውቀሽ ግቢበት።

ከፎቶ ላይ መጠን መምረጥ

ኢንስታግራም ላይ ያየሽውን ፎቶ ይዘሽ ሐኪም ጋ ብትሄጂ ክፋት የለውም። ነገር ግን የፎቶዋ ልጅ ደረት ያንቺ ደረት አይደለም። 300 ሲሲ ትከሻዋ ሰፊ በሆነ ረጅም ሴት ላይ ብዙም አይታወቅም፤ በቀጭንና አጭር ሴት ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል። ጥሩ ሐኪም የሲሲ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ሜትር ያወጣል። የጡትሽን ስፋት ይለካል፤ ቆዳሽን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ውፍረቱን ያያል። ኢምፕላንቱ ከጡትሽ ስፋት ከበለጠ ወይ ወደ ብብትሽ ይገፋል፣ ወይ ሁለቱ መሃል ላይ ይገጥማሉ። በጡት መያዣ ቁጥርም አትተማመኚ፤ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ቤትሽ ሆነሽ የምትሞክሪው ነገር አለ። አንድ ሲሲ አንድ ሚሊሊትር ነው። የሚሊሊትር ምልክት ባለው መለኪያ ሩዝ ስፈሪ፣ ስስ ስቶኪንግ ውስጥ አስረሽ ሰፋ ያለ ጡት መያዣ ውስጥ ክተቺው። ከዚያ ሥራሽን ሥሪ፣ ደረጃ ውጪ፣ ልብስ ለኪ። ክብደቱ ከሩዙ ጋር አንድ አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ሰውነትሽ ላይ ምን እንደሚመስል ከማንም ፎቶ በላይ ይነግርሻል።

«ሳላይን ጨው ውሃ ነው፣ ምንም አያደርግም» ማለት

ኢምፕላንት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳላይንና ሲሊኮን። የሁለቱም ሽፋን ሲሊኮን ነው። የሚለያዩት በውስጣቸው ነው። ሳላይኑ ሆስፒታል በደም ሥር እንደሚሰጠው ያለ ንጹሕ የጨው ውሃ ይይዛል፤ ሲሊኮኑ ወፍራም የሲሊኮን ጄል ይይዛል።

ሳላይኑ ከተቀደደ ጡትሽ ይሟሽሻል። ውሃውን ሰውነት ይመጠዋል፤ አንቺም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ታውቂዋለሽ። ባዶ የቀረውን ሽፋን ለማውጣት ግን ሌላ ኦፕራሲዮን አለ። ሳላይን ባዶውን ከገባ በኋላ ስለሚሞላ በትንሽ ቁርጥ ይገባል። ጉዳቱ ቀጭን ሴት ላይ መጨማደዱ በቆዳ በኩል መታየቱ ወይም በእጅ መታወቁ ነው።

ሲሊኮኑ ሲነካ ለተፈጥሮው ይቀርባል። ብዙዎች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ችግሩ ሲቀደድ ድምፅ አያሰማም፤ ቅርጹ ሳይለወጥ፣ ሳያምሽ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ምንም ሕመም ባይኖርም ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። ለውበት ተብሎ ለተሠራ ነገር ደግሞ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። የሲሊኮን ዋጋ ሲነገርሽ ይህንንም ደምሪበት። ውጭ የምትኖሪ ከሆነና ወደ አገር ቤት ጠቅልለሽ ልትገቢ ካሰብሽ ምርመራውን የት እንደምታደርጊ ከአሁኑ አስቢ። ለክትትል እንደማትሄጂ ራስሽን ካወቅሽ፣ በእኔ እምነት ሳላይኑን በቁም ነገር ማየት አለብሽ።

ዕድሜም አለ። አሜሪካ ውስጥ ለውበት ሲሆን ሳላይን ከ18፣ ሲሊኮን ከ22 ዓመት ጀምሮ ነው የተፈቀደው።

ላዩን አለመጠየቅ

ሁሉም ስለ ውስጡ ሲያወራ ሽፋኑ ይረሳል። ለስላሳ አለ፣ ሸካራ አለ። የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ኢምፕላንቶች እንዳይዞሩ ተብሎ ሸካራ ተደርገው ይሠራሉ፤ ከዞሩ የጡቱ ቅርጽ ይበላሻልና። ክብ ቢዞርም አይታወቅም።

ሸካራው ሽፋን ግን አልፎ አልፎ ከሚከሰት የሊምፎማ ዓይነት ጋር ተያይዟል። ይህ የጡት ካንሰር አይደለም፤ በኢምፕላንቱ ዙሪያ በሚሠራው ጠባሳ ላይ የሚነሳ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረንሳይ በጣም ሸካራ የሆኑትን አገደች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የተባሉትን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ። ሸካራ ኢምፕላንት ካለሽና ምንም ካልተሰማሽ ኤፍዲኤ ይውጣ አይልም። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ድንገት ካበጠ ግን ነገ ዛሬ ሳትይ ታዪ።

ዕድሜ ልክ ይቆያል ብሎ ማሰብ

አይቆይም። ኤፍዲኤ በ2021 ከኢምፕላንቱ ጋር በሚሰጠው መግለጫ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገውም ለዚህ ጭምር ነው። «በ10 ዓመት የግድ ይቀየራል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የማብቂያ ቀን የለውም። ሆኖም በቆየ ቁጥር የመቀደድ፣ ወይም ዙሪያውን ያለው ጠባሳ ጨምድዶት ጡቱ የመደደርና የማመም ዕድሉ ይጨምራል። በ20ዎቹ ዕድሜሽ ያስገባሽ ከሆነ ቢያንስ አንድ ኦፕራሲዮን ከፊትሽ እንዳለ ቁጠሪ።

ለወረደ ጡት ኢምፕላንት መግዛት

አጥብተሽ ጡትሽ ከወረደ ኢምፕላንት ብቻውን አያነሳውም። ትልቅ ከሆነ ይባስ ይጎትተዋል። የሚያስፈልግሽ ትርፍ ቆዳ ተቆርጦ ጡቱን ማንሳት ሊሆን ይችላል። ገና ልትወልጂ ካሰብሽ ደግሞ ቁርጡ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ሴቶች ኢምፕላንት ኖሯቸው ያጠባሉ፤ ከጡት ሥር የሚቆረጠው በጡት ጫፍ ዙሪያ ከሚቆረጠው ይልቅ ለወተት መስመሩ ይሻላል።

የኩባንያውን ስም ሳይጠይቁ በርካሽ መሠራት

ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የፋብሪካ ሲሊኮን ሲሞላ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ኢምፕላንቱ በብዙ አገር ሴቶች ገላ ውስጥ ገብቶ ነበር። የኩባንያው መሥራች በ2013 የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስለዚህ ሆቴልና ትኬት ያካተተ የኢስታንቡል ፓኬጅ ሲቀርብልሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው የኢምፕላንቱን ስም ይሁን። ቀጥሎ የሐኪሙን ሙያ፤ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ነው ወይ? ከዚያ ደግሞ ከተመለስሽ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን እንደሚያይሽ። አንዳንድ ሐኪም ሌላ ሰው የሠራውን መንካት አይፈልግም።

ካርዱን መጣል

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የግራና የቀኝ ኢምፕላንትሽ ኩባንያ፣ ሞዴል፣ መጠንና መለያ ቁጥር ያለበት ካርድ ይሰጥሻል። ካልሰጡሽ ጠይቂ። በ2019 ባዮሴል ሲሰበሰብ የራሷ ከዚያ ውስጥ ይሁን አይሁን ቶሎ ማወቅ የቻለችው ካርዷን የያዘች ነበረች። በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ለምታምኚው ሰው ላኪለት። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትነሺም ይዘሽው ሂጂ፤ ኢምፕላንት እንዳለሽ ካወቁ ከወትሮው የተለየ ተጨማሪ ምስል ያነሱልሻል።